ማረሻና ውሻ በቀይ ቀበሮ አገር

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትኛውም አገር የማይገኝ አውሬ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የጀርመን ተወላጅ በ1830ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል) ስሜንን ጎብኝቶ ስለ ነበር፥ አውሬው በሳይንስ የሚጠራበት ስም የስሜንን ስም ይዞ ቀርቷል። ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እዚህ ቍጥር ላይ እንዴት እንደ ደረሱ ስንመረምር ከጠመንጃ ይልቅ ማረሻንና ውሻን እናገኛለን።

ይህ አውሬ የሚኖረው ዛፍ በሌለበት በውርጭ ምድር፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፥ ምግቡም አይጥና ፍልፈል ነው። አባቶቻችን የታችኛው መሬት ሲጠባቸው ብርድ የሚችለውን ገብስ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። በሰሜን በኩል እርሻው በአንዳንድ ስፍራ ከ3,500 ሜትር አልፏል። ሣሩ ሲገለበጥ የአይጡና የፍልፈሉ ጉድጓድ ይፈርሳል፤ ቀበሮውም ወደ ተራራው ጫፍ ይገፋል፤ ከጫፉ በላይ ግን መሄጃ የለውም። በጎጃም የጮቄ ተራራና በሰሜን ሸዋ የጎሽ ሜዳ ቀበሮዎች ጠፍተዋል። ልጆቹን ሊያበላ ያረሰውን ገበሬ ግን ልንወቅሰው አይገባንም።

ከገብሱ በኋላ በግና ፍየል፥ ከእነርሱም ጋራ ጠባቂው ውሻ ወደ ደጋው ገባ። ውሻው መንጋውን ከጅብ ሲጠብቅ የእብድ ውሻን በሽታ ለዱር ዘመዱ ያስተላልፋል። ቀይ ቀበሮዎች በማኅበር የሚኖሩና ሲገናኙም አፍ ለአፍ የሚሳሳሙ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ አይተርፉም። በ1991 እና በ1992 በባሌ የዌብ ሸለቆ ከግማሽ የሚበልጡትን ፈጀ፤ በ2003 ደግሞ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ በአጎራባቹ ስፍራ የነበሩት ቀበሮዎች እየተያዙ ስለ ተከተቡ በሽታው ከዚያ ሳይስፋፋ ቆመ። ሆኖም በ2008 እና በ2014 እንደ ገና ተነሣ። በ2018 በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ተጀመረ። (ውሻ የሚጠላ ሰው ይህን ጽሑፋችንን ለዱላ ምክንያት እንዳያደርገው እንለምናለን፤ ውሻውን ሳያስከትብ ያስቀረው ጌታው ነው።)

ማረሻውን ለመከልከል ስለ ቻሉ ሰዎች ደግሞ ከመንዝ እንሰማለን። ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ እንወለዳለን የሚሉት ባለ ርስቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጓሳን ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠበቁት። አለቃ መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጋሉ፤ ሲደርስም ለግጦሽና ለቤት ክዳን ይከፍቱታል፤ ማረስ ግን ክልክል ነበረ። በ1975 የመሬት ዐዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም ቀረ፤ ግጦሹም ያለ ልክ ሆነ። ኋላ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ አዲስ መተዳደሪያ አወጣ። ጓሳ እስከ ዛሬ አልታረሰም፤ ቀይ ቀበሮም በዚያ አይጥ ሲያድን ይታያል።