የጌዴዎን ጦር አዛዥ

የጌዴዎን ስም ሲነሣ በዲላና በአካባቢው ያደገ ተማሪ ጆሮው ይቆማል፤ ከጌዴኦ ሕዝብ ስም ጋር በድምፅ ይቀራረባልና። ዛሬ የምንተርከው ግን በመጽሐፍ ቅዱስ በሚገኘው በመስፍኑ በጌዴዎን ስም ስለ ተጠራ ጦርና ስለ አዛዡ ስለ ኦርድ ዊንጌት ነው።

ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. በህንድ አገር ከእንግሊዝ ወታደር ቤተ ሰብ ተወለደ። መድፈኛ ሆኖ ሠለጠነ፤ በሱዳንና በፍልስጥኤም አገለገለ፤ በዚያም ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት መዋጋትን ለመደ። ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ ማዕርጉ ገና ሻለቃ ነበረ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ካርቱም ተላከ፤ በኅዳርም በአውሮፕላን ጎጃም ገብቶ፥ አርበኞችን ለመርዳት አስቀድሞ ከመጣው ከሳንድፎርድ ጋር ተመካከረ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ። የዊንጌት ጦር 2,000 ያህል የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ነበረ፤ በጎጃም የሰፈረው የጠላት ጦር ግን ብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። ስንቅ የተሸከሙት ግመሎች የደጋውን ብርድና ዳገት ስላልቻሉ በመንገድ አለቁ።

ታዲያ እንዴት አሸነፈ? በሌሊት እያስጨነቀ፥ ትልቅ ጦር ያለው እያስመሰለ ጠላቱን ከምሽጉ አስለቀቀ። ቡሬ በየካቲት ተለቀቀች። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 15 ቀን ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር በአጅባር እጁን ሰጠ።

ነገር ግን ይህ ዘዴ ያለ ባለ አገሩ ባልሠራም ነበር። እነ መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ ጠላትን ለዓመታት ዕረፍት ነሥተውት ስለ ነበረ፥ በየጋራው ጦር አለ ሲባል አመነ። በእኛም በኩል ራስ ደስታ ዳምጠው በሲዳሞ ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ዛሬ ጋና ከምትባለው አገር የመጡ ወታደሮች ከነገሌ ተነሥተው በዋደራ ደማቸውን አፈሰሱ።

ዊንጌት ከድሉ በኋላ ሹመት አላገኘም። ወደ ካይሮ ተጠርቶ ማዕርጉ ወደ ሻለቃነት ተመለሰ፤ በወባና በሐዘን ተይዞ ራሱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ። ከዚያ ድኖ በበርማ ጃፓኖችን ተዋጋ፤ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. ጄኔራል ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በአዲስ አበባም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ።

ለባለውለታ ስም መስጠት መልካም ነው። ሆኖም አንድ ስም በበር ላይ ሲጻፍ ሺህ ስም ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በየቤታችን ያሉትን አዛውንት በዚያ ዘመን የዘመተው ማን እንደ ነበረ እንጠይቅ፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ። ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።