ከበሮው፣ ወረቀቱና አቧራው

ብርጭቆ ወረቀት ማንም ቁም ነገሬ ብሎ የማያየው ዕቃ ነው። አናጺው ቆርጦ ይይዘዋል፣ እንጨቱን ያሽበታል፣ ሲደነዝም ይጥለዋል። ከምስማርና ከኮላ ጋር ተጠቅልሎ የሚገዛ ርካሽ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከጀርባው የኪሳራ፣ የምርምርና የሕመም ታሪክ አለ። ዛሬ የእንጨት ማለስለሻ ማሽን ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም ማኅበር ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው ይጠቀማል። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከፋብሪካ በፊት ሰው እንጨትን የሚያለሰልሰው ተፈጥሮ በሰጠችው ሻካራ ነገር ነበር። የጃፓን አናጺዎች ግንዱ ውስጥ ሲሊካ የሚያከማች ተክል አድርቀው ያሹበት ነበር። በባሕር ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ደግሞ የደረቀ የሻርክ ቆዳ ይጠቀሙ ነበር። ቻይናውያን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጨ ዛጎል በሙጫ ብራና ላይ ይለጥፉ እንደነበር ይነገራል። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፦ ሻካራ ደቃቅ፣ ማጣበቂያ፣ መሸከሚያ።

ነገሩን ወደ ንግድ የለወጠው ሎንዶናዊው ጆን ኦኪ ነው። በ1833 በጀመረው ሥራ የተፈጨ ብርጭቆ በወረቀት ላይ እየለጠፈ በብዛት ያመርት ጀመር። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት ሰው የሆነው አይዛክ ፊሸር በአሠራሩ ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ብርጭቆ ከወረቀቱ ላይ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙ ግን ቀርቷል። ጣሊያኖችም እንደኛው በቋንቋቸው የብርጭቆ ወረቀት ይሉታል።

ብርጭቆ ቶሎ ይደነዝዛል። ቦታውን ጋርኔት የተባለው ማዕድን ወሰደ፤ ጋርኔት ሲሰበር አዲስ ስለት ያወጣልና በእንጨት ሠራተኞች ዘንድ ተወደደ። በ1891 ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቼሰን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሞክር ሲሊከን ካርባይድን አገኘ፤ “ካርቦረንደም” ብሎም ሰየመው። ከዚያ በኋላ ስለት ያለው ደቃቅ ከተራራ የሚቆፈር ብቻ ሳይሆን በፋብሪካ የሚሠራም ሆነ። ዛሬ በእንጨት ቤቶች በብዛት የሚታየው አሉሚኒየም ኦክሳይድም የዚሁ የምድጃ ዘመን ልጅ ነው።

በዚህ ዘመን መግቢያ ላይ ነበር በ1902 አምስት ሰዎች በሚኒሶታ ግዛት አንድ የማዕድን ኩባንያ ያቋቋሙት። ኮረንደም የተባለውን ጠንካራ ማዕድን አገኘን ብለው ነበር። የቆፈሩት ግን ኮረንደም አልነበረም፤ ለመፍጫ ድንጋይ የማይበቃ ለስላሳ ዐለት ሆኖ ተገኘ። ከስሮ ከመዘጋት ይሻላል ብለው ከሌላ ቦታ ማዕድን እየገዙ ብርጭቆ ወረቀት ወደ መሥራት ዞሩ። ያ ኩባንያ ዛሬ ዓለም ሥሪ ኤም ብሎ የሚያውቀው ነው።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1914 ደቃቁ ከወረቀቱ ላይ እየረገፈ ደንበኞች ምርቱን ይመልሱ ጀመር። ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ጋርኔት ባለበት የውሃ ባልዲ ላይ ዘይት ተንሳፎ አየ። ከስፔን የመጣው ጋርኔት በመርከብ ላይ ከወይራ ዘይት በርሜሎች ጋር ተጭኖ ነበርና ዘይቱ ፈስሶበት ሙጫው ሊይዘው አልቻለም። ደቃቁን በመጥበስ ችግሩን አቃለሉት። ትልቁ ውጤት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ ኩባንያው በ1916 የመጀመሪያውን ላቦራቶሪ ከፈተ። ጥሬ ዕቃን ሳይፈትሹ ማምረት እንደማያዋጣ ያስተማረው ባልዲው ነው።

በወረቀቱ ጀርባ የሚታተመው ቁጥርም የዚሁ ጥንቃቄ ውጤት ነው። ቁጥሩ የመጣው ከወንፊት ነው። በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ ያሉት የወንፊቱ ቀዳዳዎች በበዙ ቁጥር የሚያልፈው ደቃቅ ይልማል፤ ስለዚህ 80 ሻካራ፣ 220 ለስላሳ ነው። ነገር ግን ዓለም በአንድ ወንፊት አልተስማማም። የአውሮፓው መለኪያ ከቁጥሩ በፊት “ፒ” የሚል ፊደል ያስቀድማል፤ የአሜሪካው አያስቀድምም። በሻካራዎቹ ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ በለስላሳዎቹ ላይ ግን ይራራቃሉ። የአሜሪካው 400 ከአውሮፓው ፒ 800 ጋር ይቀራረባል። ፊደሏን ሳያይ የገዛ ሰው ያላሰበውን ወረቀት ይዞ ይገባል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ባለ ከበሮው ሳንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአሜሪካ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ከሥሩ ያለው ማመላለሻ ሳንቃውን ቀስ ብሎ ያሳልፋል። “ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር” የተባለው ለዚህ ማሽን የተነገረ ይመስላል። ብዙ ልላጥ ብሎ ዝቅ ያደረገው ሰው እንጨቱን ያቃጥላል፣ ወረቀቱን ይቀዳል። በአንድ ዙር ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች መውሰድ ግድ ነው፤ ወረቀቱ በለሰለሰ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከ80 ተነሥቶ 120፣ 150፣ 180 እያሉ መውጣት እንጂ ከ80 ወደ 220 መዝለል ጭረቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሙጫ ላለው እንጨት ደቃቁ ተራርቆ የተለጠፈበት ወረቀት ይመረጣል፤ አቧራው በመካከሉ መውጫ ያገኛልና ቶሎ አይደፈንም።

አቧራው ከወረቀቱ ይወጣል፤ ጥያቄው ከዚያ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በ1921 ሥሪ ኤም ውሃ የማይፈታው ወረቀት ለገበያ አቀረበ፤ የመኪና ቀለም ሠራተኞች እያራሱ በማሸት ከአቧራ ተገላገሉ። እንጨት ግን ውሃ ሲነካው ቃጫው ይነሣል። እንጨት ቤቱ ከደረቁ አቧራ ጋር ቀረ።

የዚህ ዋጋ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሃይ ዊኮምብ በወንበር ሥራ የታወቀች የእንግሊዝ ከተማ ናት። በ1960ዎቹ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞቹ ኤስሜ ሃድፊልድና ሮናልድ ማክቤዝ በጣም ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ካንሰር የያዛቸው ታካሚዎች ከልክ በላይ ከቤት ዕቃ ሠራተኞች ወገን እንደሆኑ አስተዋሉ። ከዶናልድ አቼሰን ጋር ሆነው በ1968 ጥናታቸውን አሳተሙ። አንድ አቼሰን ለዓለም ስለታሙን ደቃቅ ሰጥቶ ነበር፤ ሌላው አቼሰን የአቧራውን ጉዳት ቆጠረ። ብሪታንያ በ1969 በሽታውን ከሥራ የሚመጣ ሕመም ብላ ተቀበለች፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1995 የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገባው። ሕመሙ የሚታየው አቧራው ከተሳበ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ስለሆነ በሠራተኛውና በማሽኑ መካከል ያለውን ክር ማየት አስቸጋሪ ነበር።

የእኛም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሰጋቱራ በዓይን ይታያል፣ ይጠረጋል፣ ይሸጣል። የሳንደር አቧራ ግን ከዚያ የላመ ነው፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በተለይ ከ150 በላይ ባሉት ወረቀቶች። ስለዚህ የማሽኑ ዋጋ የከበሮው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ አቧራ መሳቢያው የማሽኑ ግማሽ አካል ነው። መሳቢያ የሌለው ከበሮ ወረቀቱንም ቶሎ ይደፍናል፤ ገንዘብ ያተረፈ የመሰለው ባለቤት በየሳምንቱ ወረቀት ይገዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። በአፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰር ነጠላ ጨርቅ ይህን ግዴታ አይወጣም።

ሌሎች ይህን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ የከፈሉትም ስማቸው ያልተጻፈ የወንበር ሠራተኞች ናቸው። ማሽኑን ከእነሱ የሚገዛ አገር ትምህርቱን በነጻ ማግኘት ይችላል። ወረቀት ሲደነዝ ይለወጣል፤ ለአፍንጫና ለሳንባ ግን ሱቁ ውስጥ መለዋወጫ የለም።