«በረደኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ሻዩ በረደ» ስንል ስለ ሻዩ ነው የምናወራው። «በረደኝ» ግን በአየሩና በገላችን መካከል የሚሆነውን ይናገራል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር ሊተካው አይችልም። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ዲግሪ ቢሆን ነው። ሆኖም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባው የኮምቦልቻ ሰው ጋቢውን ሲከናነብ፣ ከደላንታ ደጋ የመጣው እዚያው መናኸሪያ ላይ ኮቱን ያወልቃል። አየሩ አንድ ነው፤ የለመዱት ግን ለየቅል ነው።

«እንዲህ ከሆነ ስሜት ይዋሻል ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። አይዋሽም፤ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ደሴ ላይ ማለዳ የእንጨቱን በርና የብረት መቀርቀሪያውን በየተራ ንኩ። ሁለቱም ሌሊቱን እኩል ቀዝቅዘው አድረዋል፤ ብረቱ ግን የጣትን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ይቆረጥማል። ቆዳችን በዋናነት የሚያውቀው የራሱን ሙቀት መለዋወጥ ነው። ሚንት ማስቲካ ደግሞ አፍን ሳያቀዘቅዝ ብርድ ተቀባዩን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ እነዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት እንዲህ ያሉትን የሙቀትና የንክኪ ተቀባዮች በማግኘታቸው ነው። ስለዚህ «በረደኝ» ላለ ሰው ዲግሪ ጠቅሶ «ይህ እኮ ብርድ አይደለም» ማለት ያልተጠየቀውን መመለስ ነው።