ብረቱ ስለ ፋብሪካው፣ እንጨቱ ስለ ባለቤቱ

አሮጌ የጦር መሣሪያ የሚሰበስቡ አሜሪካውያንን ዘወትር የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ አለ። የጠመንጃው እንጨት ተሰንጥቆ ከፊሉ በአዲስ ሲተካ፣ አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጋር በቀለም እንዴት ማመሳሰል ይቻላል?

ሥራ ፈት የሆነ ሰው ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢ ከሚሸጡት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሉ። ስለዚህ የምናወራው ስለ እኛም እንጨት ነው።

የሀገራችንን የጦርነት ታሪክ በጠመንጃ ስም ብቻ መተረክ ይቻላል። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ የናፒዬር ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ይዞት የመጣው። ውጅግራ ‹ፉዚ ግራ› ከሚለው ፈረንሳይኛ በእኛ አንደበት ተቀጥቅጦ የወጣ ስም ነው። ለበን ሌቤል ነው፤ ቤልጅግም ከነስሙ የቤልጂየም። ጣሊያን ከውጫሌ ውል በኋላ ለምኒልክ የሰጠችው ጠመንጃ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ወደ ራሷ ዞሮ ተተኮሰ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ከቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ማውዘር ገዙ። አርበኛው የጣሊያንን ካርካኖ ማርኮ ታጠቀ። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘምቶ በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ። ከዚያ በኋላ ያለው የሶቪየት ዘመን ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ አንዱን አንሥታችሁ ብረቱን ብታነቡ ምን ታገኛላችሁ? ቴርኒ፣ ሄርስታል፣ ስፕሪንግፊልድ። የፋብሪካ ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ተከታታይ ቁጥር። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት የኤፍ ኤን ማውዘር እንኳ ማኅተሙን ይዞ የመጣው ከፋብሪካው ነው። አሜሪካ ሲገባ ደግሞ ሕጉ ስለሚያስገድድ የአስመጪው ድርጅት ስም ብረቱ ላይ ይቀረጽበታል። ጠመንጃውን ሠላሳና አርባ ዓመት ተሸክሞ የኖረው ኢትዮጵያዊ ግን ብረቱ ላይ የለም። ያለው እንጨቱ ላይ ነው።

የቀለሙን ነገር ላስረዳ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። በዚያ ዘመን አብዛኛው የጦር ጠመንጃ እንጨት ዋልነት ነበር፤ ዋልነት ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ቢችና በርች የሚባሉት ዛፎች ተተኩ። ማጠናቀቂያው ብዙ ጊዜ የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ እናቶቻችን በጾም የሚበጠብጡት ያው ተልባ! የተልባ ዘይት እንደ ውኃ በመትነን አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ራሱ ይጠጥራል። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ይጠቁራል፣ ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል። በዚያ ላይ የእጅ ላብ፣ የጠመንጃ ዘይት፣ የምድጃ ጭስ፣ ጭቃና አቧራ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ እንጨቱ ላይ የተቀባ ሳይሆን ውስጡ የሰረገ ነው።

አዲሱ ቁራጭ ይህ ሁሉ የለውም። ከዚያው ከዋልነት ዘር ቢሆን እንኳ ገርጥቶ ይታያል። በርች ከሆነማ ቀለሙን አንድ ቦታ ጠጥቶ ሌላ ቦታ ይተፋዋል፤ ዝንጉርጉር ይሆናል። የተቆረጠው ጫፍ ከጎኑ ይልቅ አብዝቶ ስለሚመጥ ይጠቁራል። ብልህ ባለሙያ በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ ቀለሙን አቅጥኖ፣ ደጋግሞ ይቀባል፤ ከዚያ ዘይቱን በስሱ እያሸ በየመካከሉ ቀናት ይጠብቃል። (የተቀባበትን ጨርቅ ጨብጦ ጥግ የሚወረውር ሰው ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ዘይቱ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣልና።) ትዕግሥት የሌለው ግን አቋራጭ አለው፤ አሮጌውንም በኬሚካል ልጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ሁለቱንም እንደ አዲስ ይቀባል። ቀለሙ በደንብ ይመሳሰላል። የሰባ ዓመት ላብና ጭስ ግን ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርጎ ይጣላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። ከኢትዮጵያ በሄዱት ጠመንጃዎች ላይ የተሰበረ እንጨት በጠፍር ታስሮ፣ በሽቦ ተጠምጥሞ፣ በምስማርና በቆርቆሮ ተጠግኖ ይገኛል። ሰብሳቢው ‹መሃይም ያበላሸው› ይለዋል። እስቲ አስቡት፤ ጠፍር የሚታሰረው በርጥቡ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ስንጥቁን እንደ ብረት ቀለበት ጨምቆ ይይዘዋል። ይህን ያደረገው ሰው መለዋወጫ የሚያዝበት ፋብሪካ አልነበረውም። ዋንዛ ባለበት አገር ዋልነት ከየት ያመጣል? ዕውቀቱ ግን ነበረው፤ ፊርማውም ያ ጥገና ነው።

ለሰብሳቢው ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ ጠመንጃ ሲተኮስ አደገኛ ነው፤ ተኩሶ ሊጫወትበት ከፈለገ መተካቱ ግድ ነው። ገንዘቡንም የከፈለው እሱ ነው። የማይገባኝ ምትኩን የመደበቅ ጉጉት ነው። ጣሊያን ውስጥ በ1964 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር ስለ ሐውልትና ስለ ሕንፃ ሲናገር፣ የጎደለው ክፍል ሲተካ ከሙሉው ጋር ይስማማ፣ ነገር ግን ከዋናው ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ሕጉ ለጠመንጃ አልተጻፈም፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል። ከሩቅ የማይረብሽ፣ ከቅርብ የማይዋሽ ቀለም። ይህ ደግሞ ፍጹም ከማመሳሰል የቀለለ ሥራ ነው።

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። አሮጌ መሣሪያ ሸጦ ዶላር ማግኘትን አልቃወምም፤ ዝገት እየበላው መጋዘን ውስጥ ከሚቀር ይሻላል። ግን አንድ ጠመንጃ ከመጋዘን ሲወጣ ቁጥሩ መመዝገብ፣ ጥገናው ፎቶ መነሣት፣ ከየት እንደመጣ መጻፍ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካሜራና አንድ መዝገብ ያዥ ነው። ጥሩ ጥሩ ጥገና ያለባቸው ጥቂቶቹ ደግሞ እዚሁ ሙዚየም ውስጥ ይቅሩ፤ ከነጠፍራቸው፣ ሳይወለወሉ።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ከእነዚህ አንዱን የገዛችሁ ወይም የገዛ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ልመናዬ ትንሽ ናት። ከመፋቃችሁ በፊት በሁሉም ጎን ፎቶ አንሡት። ሰደፉ ላይ የተቀረጸ ፊደል ወይም መስቀል ካለ ጠጋ ብላችሁ አንሡ። መተካት ግድ ከሆነ ደግሞ የወለቀውን ቁራጭ አትጣሉት፤ የጠመንጃውን ቁጥር የያዘ ወረቀት አስራችሁበት ከጠመንጃው ጋር አስቀምጡት።