መሬቷ ሳትሸጥ

‹‹ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል›› ይላል ያገራችን ሰው። እኔን ወደ ቶንጋ ታሪክ የሳበኝ ይኸው ዱባ ነው።

ቶንጋ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኝ የደሴቶች መንግሥት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1970 በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ብትቆይም ዘውዷን አልጣለችም (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1875 ንጉሥ ጆርጅ ቱፖው ቀዳማዊ ያወጁት ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ከለከለ። በኋላ የወጣው ሕግ ደግሞ 16 ዓመት ለሞላው ወንድ 3.3 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ።

በዚያች ማሳ ላይ ገበሬው በቅድሚያ እኛ ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር፣ ቀጥሎም ጎደሬና ካሳቫ ይተክላል። ከዚያም መሬቷ እንድታገግም ጦም ታድራለች። ቦዬ ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ካፒቴን ኩክ በ1777 ያየው የ‹‹ኢናሲ›› በዓል የቦዬ በኩራት ለቱኢ ቶንጋ የሚቀርብበት ነበር።

ገበያም ለደሴቲቱ እንግዳ አልነበረም። የደረቀ ኮኮናትና ሙዝ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ነገር ግን ኮኮናቱ ከላይ ሲያጠላ፣ ቀለቡ ከሥሩ ይበቅላል፤ ሁለቱ አልተጣሉም።

በ1987 ዱባ ለጃፓን መላክ ተጀመረ። የጃፓን ምርት በሚያልቅበት በኅዳር ግድም የቶንጋ ዱባ ይደርስ ነበር። በ1990ዎቹ የአገሪቱ ዋነኛ የወጪ ንግድ ሆነ። ላኪዎች ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ሰጡ፤ ትራክተር ገባ፤ መንገድ የዘጋበት ኮኮናትም ተቆረጠ። ጦም ታድር የነበረችው መሬት ያለ ዕረፍት ትታረስ ጀመር።

ገበሬው ሞኝ ነበር የሚል ካለ አልስማማም። በዱባው ገንዘብ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መባ ሰጥቷል። ችግሩ ገዢው በአመዛኙ አንድ አገር፣ የሽያጩም ወቅት አንድ መሆኑ ላይ ነበር። ዋጋ ሲወድቅ ዱባው ሌላ ፈላጊ እምብዛም አልነበረውም፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን ይቀር ነበር። በ2000ዎቹ ንግዱ እየተዳከመ ሄደ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው ይህን ነው፦ ሕጉ መሬቷን ከሻጭ ጠብቋታል፤ ገበያው ግን ሊገዛት አላስፈለገውም። የሸመተው ዕረፍቷን ነው። ከማሳው ጥግ ቦዬውን ያልነቀለ ገበሬ ግን ዋጋው በወደቀበት ዓመትም ለጎረቤቱ የሚያካፍለው አላጣም።