ካሜራው የት ይቁም? ምናባዊ እውነታ፣ የቋንቋ ትምህርትና የአዊ ፈረሰኞች በዓል

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን፣ እንጅባራ ላይ በሚከበረው በዓል የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ያጌጠው ፈረስ በሠርግና በለቅሶም ላይ ቦታ አለው። ሰላምታው፣ ምርቃቱና ለሽማግሌ የሚሰጠው ክብር አንድ ሜዳ ላይ ስለሚገኙ፣ በዓሉ ለቋንቋ ተማሪ የሚሆን ብርቅ የመማሪያ ስፍራ ነው።

ፍላጎቱም አለ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመደቡ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ለብዙዎቹ የአዊ ሕዝብ ኩሻዊ ቋንቋ የሆነው አውንጊ አዲስ ነው። በአንጻሩ በአውንጊ አፋቸውን የፈቱ የዞኑ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቋንቋቸው እየተማሩ ከሴማዊው አማርኛ ጋር ይተዋወቃሉ።

የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ባይራም በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የባህል ለባህል ተግባቦትን ከዕውቀት ባሻገር በአመለካከት፣ በመተርጎም፣ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ በመረዳትና በሒሳዊ ንቃት ይመዝነዋል። ምናባዊ እውነታ ዕውቀቱን በቀላሉ ያቀብላል። ንግግሩ ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። በስልክና በካርቶን መነጽር የሚታይ ባለ360 ዲግሪ ቪዲዮ አንገትን ለማዞር ይፈቅዳል እንጂ አንድ እርምጃ አያስኬድም፤ የሚመልስ ሰውም የለበትም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ይመስለኛል። ጉግስ በሚጫወቱት መካከል ቢተከል ተማሪውን ያስደንቀዋል፤ ነገር ግን እንግዳ በማይቆምበት ቦታ ያቆመዋል። ከሽማግሌዎች ጎን፣ በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ ቢሆን ግን ተማሪው ወደ ፈረሰኛው ቀና ብሎ ያያል፤ ከኋላው አውንጊ ሲነገር ሰምቶም ይዞራል። የካሜራው ከፍታ ተመልካቹ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚይዘውን ደረጃ ይወስናል። ቦታውን የሚመርጡትም የበዓሉ ባለቤቶች መሆን አለባቸው።

ጉዳዩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። ብዙ ያየና የለካ ሰው ነው። ሆኖም መልክዓ ምድሩን በእሱ ዓይን ያዩት የሩቅ አንባቢዎች የአገሩን ሰው መልሰው መጠየቅ አልቻሉም። መነጽሩም ብቻውን ከተተወ ይህንኑ ጉድለት ይደግመዋል።

መፍትሔው ቀረጻውን በንግግር መሐል ማቋረጥ ነው። አንድ አዛውንት ሰላምታ ሲያቀርቡ ምስሉ ይቆማል፤ ተማሪው መነጽሩን አውልቆ አብሮት ለተቀመጠው የአውንጊ ተናጋሪ ይመልሳል፣ ሲሳሳትም ይታረማል። አማርኛ የሚማረው የአዊ ልጅም በተራው «አንተ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውን እንዲሁ ይለማመዳል። ፈተናውም የሚመዝነው ተማሪው ያስታወሰውን ሳይሆን፣ ሲታረም የጠየቀውንና አነጋገሩን ያስተካከለበትን መንገድ ይሁን።

ቀረጻው በማን እጅ ይቆይ የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። ለትምህርት ቤቶች የምናባዊ እውነታ ጉብኝት ያቀርብ የነበረው የጉግል ኤክስፔዲሽንስ መተግበሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በእሱ ላይ ትምህርታቸውን የመሠረቱ መምህራን ሌላ አማራጭ መፈለግ ነበረባቸው። የእንጅባራው ቀረጻ ዋና ቅጂ ከዩኒቨርሲቲው በተጨማሪ በፈረሰኞቹ ማኅበር እጅ ይቀመጥ፤ የትኛው ክፍል እንደሚታይና የትኛው ለማኅበሩ አባላት ብቻ እንደሚቆይ የመወሰን ሥልጣንም የማኅበሩ ይሁን።