ወጪ ቻይ ታሪፍ

«ወጪን የሚያንጸባርቅ ታሪፍ» የሚለው ሐረግ በመግለጫውም በዜናውም እየገባ ነው። ከፈረንጅኛው ቃል በቃል ተገልብጦ የመጣ ነው። በአማርኛ የሚያንጸባርቀው መስታወት ነው፤ ወርቅ ነው፤ ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ ነው። የመብራት ሒሳብ ምኑ ያንጸባርቃል?

ሐሳቡ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት፣ ለማስተላለፍና ለማከፋፈል የወጣው ገንዘብ ከሽያጩ ይገኝ ነው ነገሩ። የኢኮኖሚ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር አብሮ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በዶላር የተወሰደው የኃይል ማመንጫ ብድር በብር ሲሰላ ከበደ፤ መስከረም 2017 ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል የአራት ዓመት ታሪፍ ተጀመረ። ናይጄሪያም እ.ኤ.አ. በ2023 የቤንዚን ድጎማ አንሥታ ናይራን በለቀቀች ማግስት፣ በ2024 በቀን ረዥም ሰዓት መብራት ለሚያገኙ ደንበኞች የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ ከ68 ወደ 225 ናይራ ሰቀለችው።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። «ወጪን ያገናዘበ» የሚሉ አሉ፤ ከ«ገንዘብ» ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ጆሮ ይቀበለዋል። ነገር ግን ወጪውን አገናዝቦ ከወጪው በታች መሸጥ ይቻላል፤ ዘመናችንን ሁሉ ያደረግነውም ይህንኑ ነው። «ወጪ መላሽ» ይሻላል፤ ሆኖም ያለፈውን ዕዳ እንጂ የነገውን ጥገና አያሳስብም።

የእኔ ምርጫ «ወጪ ቻይ ታሪፍ» ነው። «የትምህርቱን ወጪ አጎቱ ቻለለት» እንላለን። «ራሱን የቻለ» እንላለን። «ቻይ ታጋሽ ማለት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው፤ ታጋሽም ቻይ የተባለው መከራውን ስለተሸከመ ነው። «ወጪ መጋራት» በዩኒቨርሲቲ ተማሪ አፍ ያለ ችግር እንደገባ ይህም ይገባል።

ከሁሉ በላይ ቃሉ የሚያስነሣው ጥያቄ ደስ ይለኛል፦ ቻዩ ማን ነው? ደንበኛው በወር ሒሳቡ ነው ወይስ መንግሥት በግምጃ ቤቱ? በ2011 የታሪፍ ጭማሪ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች ጭማሪው እንዳይነካቸው መደረጉ ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ ከፊል መልስ ነበር። «አንጸባረቀ» ጥያቄውን ይደብቀዋል፤ ብርሃን ሲያንጸባርቅ ከፋይ የለውምና።

መግለጫ የምታዘጋጁ፣ ዜና የምትጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ «የሚያንጸባርቅ»ን ለመስታወቱ ተዉለት።